ግብር፣ ጦር እና የምርጫ ካርድ
(ደብረ ማርቆስ ላይ ለነጋዴዎች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

እንድናገር የተጠየቅሁት የግብር ፖሊሲና የአገር መከላከያ የአንድን ፓርቲ የምርጫ ዕድል እንዴት እንደሚያቃኑ ወይም እንደሚያሰናክሉ ነው። ሁለቱ ጉዳዮች አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ይነገራሉ፤ ግብሩ ለገንዘብ ሰዎች፣ ጦሩ ደግሞ ለጦር ሰዎች ይተዋል። መራጩ ግን ሁለቱንም በአንድ መዝገብ የሚይዛቸው ይመስለኛል፤ ከእኔ ምን ተወሰደ፣ በተወሰደውስ ማን ጠበቀኝ ብሎ ይጠይቃል። በዚህ ንግግር ላሳያችሁ የምሞክረውም አንድ ነገር ነው፤ የጦር ሜዳ ድል ለገዥ ፓርቲ የሚያስገኘው ምስጋና ቶሎ የሚያልቅ ሲሆን፣ በግብር የተነሣ ቅሬታ ግን በየዓመቱ ስለሚታደስ ከድሉ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል። ቅሬታውም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከግብሩ ብዛት ሳይሆን ከአገማመቱ ነው።

ይህን ጉዳይ ጎጃም ላይ ቆሞ መናገር ይቀላል፤ ምክንያቱም የዚህ አገር ሰው ፓርቲ የሚባል ነገር ከመምጣቱ አስቀድሞ ነገሩን በኑሮው ያውቀዋል። በድሮው ሥርዓት ወታደሩ የወር ደመወዝ ስላልነበረው በገበሬው ቤት እየተመራ፣ ማለትም እንዲያድር እየተመደበ፣ ይቀለብ ነበር። ገበሬው እህሉንና ማሩን ያቀርባል፣ ፍሪዳውን ያርዳል፣ ከዚያም አልፎ የቤቱ ጌታ ወታደሩ እስኪመስል ድረስ ይዋረዳል። ዳግማዊ ምኒልክ ከክፉው ቀን በኋላ፣ በ1880ዎቹ አጋማሽ፣ ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንዱን ለወታደሩ ቀለብ እንዲሰጥና በፈንታው ወታደር በቤቱ እንዳይመራበት የሚያደርግ የአሥራት ሥርዓት ማቆማቸው ይታወቃል። አሥራት እንግዲህ ሲጀመር የመከላከያ ግብር ነበር ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ገበሬው በዚያ ለውጥ ያገኘው ጥቅም የሚሰጠው ማነሱ ብቻ አይደለም። የሚሰጠው ልኩ ታወቀለት፣ ቤቱም ከማንም ግምትና ከማንም ጉልበት ተጠበቀለት።

በጣሊያን ወረራ ጊዜ ደግሞ ጎጃም ግብሩን በሌላ መልክ ከፈለ። እነ በላይ ዘለቀን ስንቅ ያቀበለው፣ ልጁን ያስከተለው፣ መንደሩ የተቃጠለበት ይኸው ገበሬ ነው። ስለዚህ መንግሥት ከስደት ተመልሶ በ1930ዎቹ መጨረሻ መሬት በጋሻ እየለካ፣ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ እያለ እየመደበ ግብር ሊጥል ሲነሣ የጎጃም ሰው ልኬታውን እምቢ አለ። ቀላድ፣ የመሬት መለኪያው ገመድ፣ ከተጣለ ርስቴ ይሄዳል ብሎ ሰጋ፤ አገሩን በደሙ ያስከበረ ሰው በርስቱ ላይ ገመድ ሲዘረጋ ማየት አልፈለገም። በመጨረሻም መንግሥት ጎጃም ግብሩን በቀድሞው ልክ እንዲከፍል ተወለት።

ነገሩ ጎልቶ የታየው ግን በ1960 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አሥራቱን አስቀርቶ ግብሩ ከመሬቱ ስፋት ይልቅ በገቢው ላይ እንዲጣል የሚያደርግ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ከቀድሞው የተሻለ ሕግ ነው፤ ብዙ የሚያገኝ ብዙ፣ ጥቂት የሚያገኝ ጥቂት እንዲከፍል ያዛል፤ ዛሬ ኢኮኖሚክስ የምታስተምሩ መምህራን ብትጠየቁ ትደግፉት ይሆናል። የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ ግን ያየው አዋጁን ሳይሆን ገማቹን ነው። ገቢህን ልገምት ብሎ የሚመጣ ሰው ማሳውን ማየቱ አይቀርም፤ ማሳውን ካየ ይለካዋል፤ ከለካው ደግሞ የሚቀጥለው ምን እንደሆነ ገበሬው ከአባቱ ሰምቷል። አስቀድሞ አቤቱታ ቀረበ፣ ሽማግሌ ተላከ፤ ሰሚ ሲጠፋ ገማቾቹ ተባረሩ፣ ነፍጥ ተነሣ። መንግሥትም ጦርና የጦር አውሮፕላን አዘመተ። አገር ለመጠበቅ የተቋቋመ ሠራዊት ለሠራዊቱ ቀለብ ግብር የሚከፍለውን ሰው ሲደበድብ ምን ያህል ነገር እንደሚፈርስ ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተሰረዘ፤ አዲሱ ግብር በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ።

እዚህ ላይ የምርጫው ነገር ይገባል። በ1960 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ፓርላማ ነበራት፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱም ከ1950 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሕዝብ ይመረጥ ነበር። የሌለው ፓርቲ ነው። ግብሩን ያጸደቀ የሕዝብ እንደራሴ ቢኖር እንኳ ገበሬው እርሱን የሚቀጣበት፣ በተቃራኒው የቆመውንም የሚሾምበት የጋራ ስም አልነበረም። ፓርቲ ማለት፣ ሌላው ሁሉ ቀርቶ፣ ለበደል ተጠያቂ የሚሆን ስምና አድራሻ ነው። ያ በሌለበት አገር የግብር ቅሬታ መንገዱ ሁለት ብቻ ይሆናል፤ ወይ አቤቱታ ወይ ነፍጥ። ጎጃም ሁለቱንም በተከታታይ ሞከረ።

ፓርቲና ምርጫ ባሉበት አገርስ? በዚህ ረገድ ብዙ የሚያስተምረው የአሜሪካው የጆርጅ ቡሽ፣ የአባትየው፣ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የሪፐብሊካን ፓርቲ ጉባኤ ላይ ቆመው «ከንፈሬን አንብቡ፤ አዲስ ግብር የለም» አሉ። ንግግሩ አጭር፣ ጥርት ያለና ለመርሳት የሚያስቸግር ስለነበረ ምርጫውን ለማሸነፍ ጠቀማቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን የበጀት ጉድለቱ አስጨንቋቸው በዴሞክራቶች ከሚመራው ኮንግሬስ ጋር ተስማሙና ግብር ጨመሩ። እንደ አገር አስተዳዳሪ ያደረጉት ነገር የሚያስነቅፍ አልነበረም፤ ጉድለቱ እውነተኛ ነበር። ወዲያው የባሕረ ሰላጤው ጦርነት መጣ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1991 የምድር ውጊያው በመቶ ሰዓት ገደማ ተጠናቀቀ፣ ኩዌት ነፃ ወጣች፣ የፕሬዚዳንቱ የሕዝብ ድጋፍም ጋለፕ በተባለው የሕዝብ አስተያየት መለኪያ 89 በመቶ ደረሰ። ታላላቅ የሚባሉ ዴሞክራቶች ቡሽን የሚያሸንፍ የለም ብለው ከውድድሩ ራቁ። በኅዳር 1992 ግን ቡሽ ያገኙት ድምፅ 37 በመቶ ብቻ ነበር፤ ቢል ክሊንተን አሸነፉ።

ሽንፈቱን ግብሩ ብቻ አመጣው አልልም፤ ኢኮኖሚው ተቀዛቅዞ ነበር፣ ሦስተኛው ተወዳዳሪ ሮስ ፔሮም ወደ 19 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ ወስዷል። ሆኖም ከገዛ ፓርቲያቸው ተነሥቶ የተወዳደራቸው ፓትሪክ ቡካነን ዋና መሣሪያ ያደረገው ያችኑ የከንፈር ቃል ነው፤ ክሊንተንም እያነሡ ጣሏት። የጦር ድሉ በሃያ ወር ውስጥ ከመራጩ ልብ ወጣ፤ የግብሩ ቃል ግን በአራተኛ ዓመቱም ይጠቀስ ነበር። በነገራችን ላይ እውነቱን አስቀድሞ መናገርም ሁልጊዜ አያዋጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ዋልተር ሞንዴል ግብር እጨምራለሁ ብለው በግልጽ ተናግረው ከሃምሳው ግዛት አርባ ዘጠኙን አጡ። ፖለቲከኞች በዘመቻ ሰሞን «ላም አለኝ በሰማይ» የሚያበዙት ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግሊዝም ይህንኑ በሌላ መንገድ ታሳየናለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገሪቱን የመሩት ዊንስተን ቸርችል ጀርመን እጅ በሰጠች በሁለተኛው ወር በተደረገ ምርጫ ተሸነፉ፤ ሕዝቡ አመስግኗቸው ሲያበቃ ቤትና ሕክምና ለሚሰጠው ለሌበር ፓርቲ ድምፁን ሰጠ። ማርጋሬት ታቸር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 ከአርጀንቲና ጋር የተደረገውን የፎክላንድ ጦርነት አሸንፈው በሚቀጥለው ዓመት 397 መቀመጫ አገኙ፤ የተቃዋሚው ወገን መከፋፈሉም ረድቷቸዋል። ያው ሰው ግን በነፍስ ወከፍ ግብር ወደቁ። ያ ግብር በአንድ አካባቢ የሚኖር ባለጸጋና የቀን ሠራተኛ እኩል እንዲከፍሉ የሚያደርግ ነበር። በስኮትላንድ በ1989፣ በእንግሊዝና በዌልስ በ1990 ተጀመረ፤ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ የገዛ ፓርቲያቸው እንደራሴዎችም መቀመጫቸው ሲያሰጋቸው በኅዳር 1990 መሪያቸውን አስለቀቁ። ፓርቲው መሪውንም ግብሩንም ለውጦ በ1992 ምርጫ ማሸነፉ ደግሞ ልብ ሊባል ይገባል፤ ቅሬታ በጊዜ ከተሰማ ፓርቲን ከመውደቅ ያድናል።

በካናዳ ግን አላዳነም። ፕሮግሬሲቭ ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ1991 የሰባት በመቶ የዕቃና የአገልግሎት ግብር ጣለ፤ በ1988 ምርጫ 169 መቀመጫ የነበረው ይህ ፓርቲ በ1993 ሁለት መቀመጫ ይዞ ቀረ። ሌላም ምክንያት ነበረ፣ በተለይም የፈረንሳይኛ ተናጋሪው ክልል የኩቤክ ጉዳይ። ነገር ግን የቁጥሩን ነገር ተመልከቱ፤ ፓርቲው አሥራ ስድስት በመቶ የሚሆን ድምፅ አግኝቶ ነው ሁለት ወንበር ላይ የቀረው። በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ያገኘ ብቻ በሚያሸንፍበት ሥርዓት፣ በአገሩ ሁሉ እኩል የተሰራጨ ቅሬታ ፓርቲን ከሥሩ ይነቅላል። ግብር ደግሞ በባሕርዩ በሁሉም በር የሚያንኳኳ ነገር ነው። የእኛም የምርጫ ሥርዓት ይኸው የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1992 ዓ.ም. ሦስተኛው ዙር የኢትዮጵያ ማጥቃት በኤርትራ ግንባር የተጀመረው ግንቦት 4 ነው፤ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ድምፅ የሰጠው ግንቦት 6 ነው። ሰው ወደ ምርጫ ጣቢያ ሲሄድ በሬዲዮ የሚሰማው የግንባር ዜና ነበር። ኢሕአዴግ ከ547 መቀመጫ 481 አገኘ። ተቃዋሚው ደካማ ስለነበረ ውጤቱን ሁሉ ለጦርነቱ መስጠት አይቻልም፤ ይሁን እንጂ ልጁ ባድመ ላይ እየተዋጋ ሳለ መንግሥት የሚለውጥ ወላጅ ብዙ አይገኝም። በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ምን ሆነ? በሚያዝያ 1994 የድንበር ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ወሰነ። በ1995 የ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ሁላችሁም ቫት የምትሉት፣ ሥራ ላይ ዋለ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ሲመጣ ተቃዋሚዎች ያነሡት የጦርነቱን ሒሳብ ነበር፤ ይህን ያህል ሕይወት ከፍለን አሰብም ባድመም ለምን አልሆኑልንም አሉ። በገጠር የማዳበሪያ ዕዳ፣ በከተማ የኑሮው ክብደት ተጨመረበት። ኢሕአዴግ በይፋው ውጤት 327 መቀመጫ ሲያገኝ በአዲስ አበባ ከ23ቱ አንድም አልደረሰውም። ድሉ ራሱ በአምስት ዓመት ውስጥ ለተቃዋሚ መከራከሪያ ሆነ።

የሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫ የተደረገውም አገሪቱ በጦርነት ላይ ሳለች ነው። በዚያን ቀን ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 መቀመጫዎች ብልጽግና ፓርቲ 410 አሸነፈ፤ ከሳምንት በኋላ መከላከያ ከመቀሌ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በራሳችን አካባቢ የሆነውንና እየሆነ ያለውን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ የዚህ ንግግር ጉዳይ ስላልሆነ አልፈዋለሁ።

የግብሩ ቅሬታ እንዴት እንደሚፈጠር ለማየት ደግሞ ከሐምሌ 2009 የተሻለ ምሳሌ የለም። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ እንደ 1960ው ሁሉ በወረቀት ደህና ነበር፤ ከወር ደመወዝ ላይ የማይነካውን ከ150 ብር ወደ 600 ብር ከፍ አድርጓል። ችግሩ የመጣው ደረጃ «ሐ» ይባሉ የነበሩት የአነስተኛ ነጋዴዎች የቀን ገቢ ሲገመት ነው። እንዲህ ነበር የሚሆነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ወረቀት ይዘው ወደ አንዲት ትንሽ ሱቅ ይገባሉ። መደርደሪያውን ቀና ብለው ያያሉ፣ በቀን ስንት ኪሎ ስኳር ይወጣል፣ ዘይትስ ስንት ሊትር ይሸጣል ብለው ይጠይቃሉ። ባለሱቋ የበዓል ዋዜማውን ገበያ ትናገር ወይስ የሰኔውን ጭር ያለ ቀን፣ ግራ ይገባታል። የጻፉትን ሳያሳይዋት ይወጣሉ። ከሳምንታት በኋላ ከቀበሌ ወረቀት ሲመጣ በላዩ ያለው ቁጥር የእርሷ ሱቅ አይመስልም፤ የጎረቤቷ ከፍ ያለ ሱቅ ደግሞ ከእርሷ ያነሰ ተገምቷል። ያን ጊዜ የሚያቃጥላት ከገንዘቡ ይልቅ ያ ልዩነት ነው። በዚያ ሐምሌ በኦሮሚያ ከተሞችና በአዲስ አበባ አንዳንድ ሰፈሮች ሱቆች ተዘጉ። መንግሥት ቅሬታ ሰሚ አቆመ፣ ብዙ ግምት ቀነሰ፤ ግን የገዥው ግንባር ስም በነጋዴው ዘንድ ያን ሐምሌ ይዞ ቀረ።

መከላከያም የራሱ ገማች አለው። በደርግ ዘመን ብሔራዊ ውትድርና በ1975 በአዋጅ ሲወጣ፣ ለእናት አገር መዝመትን በመርሕ ያልተቃወመ ብዙ ሰው ነበር፤ ሕዝቡን ያስመረረው አፈሳው ነው፤ የማን ልጅ እንደሚሄድና የማን ልጅ እንደሚቀር በቀበሌው ሰው እጅ መሆኑ ነው። ዛሬም ሚሊሻ ተብሎ ሲጠራ የሰኔ እርሻውን ትቶ የሚሄድ ገበሬ ትልቅ ግብር እየከፈለ ነው፤ በሬዎቹ ይቆማሉ፣ ማሳው በወቅቱ አይዘራም፣ በመኸር ወራት ደግሞ የመሬት መጠቀሚያውና የእርሻ ገቢ ግብሩ እንደ ማንም ሰው ይጠየቃል። በየትኛውም ፓርቲ ፕሮግራም ውስጥ የዘመተ ገበሬ የዓመቱ ግብር ይማርለት የሚል ዓረፍተ ነገር አላየሁም። ይህን ያህል የሚቀል ነገር እንዴት እንደሚዘለል ይገርመኛል።

ሕዝቡ መክፈል ይጠላል የሚለውን አልቀበልም። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ከመጋቢት 2003 እስከ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲሠራ ጎጃም ቦንድ ገዝቷል፣ ስጦታ ሰጥቷል፣ የወር ደመወዙን ከፋፍሎ አስቆርጧል። ሁሉም በፈቃዱ ነበር ማለት አይደለም፤ በስብሰባ ጭብጨባ የተወሰነበት ሠራተኛ አውቃለሁ። ያም ሆኖ ያን ገንዘብ ሲያነሣ በቁጭት የሚናገር ብዙ ሰው አልገጠመኝም። ልኩ ታውቆ ነበር፣ ደረሰኝ ነበረው፣ የት እንደሚገባ ይታይ ነበር፤ ግድቡም ለብዙ ሰው እንደ መከላከያ ሥራ ነው፣ የዓባይ ልጅ ውሃ መጠማቱን የሚያስቀር። ለፓርቲዎች ግን አንድ ነገር ይታወቅ፤ መሠረቱን የጣለው ግንባር ግድቡ ሲመረቅ አልነበረም። እንዲህ ያለው ምስጋና ለአገር ይሰጣል እንጂ ለፓርቲ ብዙም አይደርስም።

የቀን መቁጠሪያውም ነገር አለ። ምርጫችን በግንቦት ወይም በሰኔ ይደረጋል፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይብታል፤ አነስተኛው ነጋዴም ግብሩን የሚከፍለው በሐምሌ ነው። ድምፅ የሚሰጠው ሰው ገና ያልመጣበትን ግብር አያይም ማለት ነው። ከባዱ ነገር ከምርጫ በኋላ፣ ቀላሉ ነገር ከምርጫ በፊት እንዲውል ለማድረግ ይህ ይመቻል። ቫት የመጣው በሁለት ምርጫ መካከል ነው፤ የ2009 ግምት ከ2007 ምርጫ በኋላ ነው፤ ከደመወዝ ላይ የማይነካውን ወደ 2,000 ብር ያሳደገው ማሻሻያ ደግሞ በ2017 የወጣ ሲሆን፣ በአምስት ዓመቱ ስሌት ምርጫ የሚውለው በ2018 ነው። የኑሮ ውድነቱን ስናስብ ማሻሻያው የዘገየ እንጂ የበዛ አይደለም፤ ጊዜውን ግን ሳላስተውል አላልፍም።

በጥያቄ ሰዓት አንድ ወጣት፣ ታዲያ እኛ ቅሬታችንን ለየትኛው ምክር ቤት ነው የምናቀርበው ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የገበሬው የእርሻ ገቢ ግብርና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ የክልሉ ናቸው፤ የአነስተኛ ነጋዴውም ግብር እንዲሁ። መከላከያ ሠራዊት የፌዴራል መንግሥቱ ሥልጣን ነው፤ በአንቀጽ 87 ደግሞ ከማንኛውም ፓርቲ ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ ሥራውን እንዲያከናውን ታዟል። ሚሊሻው በክልሉ ሥር ነው። በምርጫ ቀን ለእያንዳንዳችን ሁለት ወረቀት ይሰጠናል፤ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልሉ ምክር ቤት። እኛ ግን በሁለቱም ወረቀት በአንድ ፓርቲ መለያ ላይ ምልክት አድርገን እንወጣለን። ስለዚህ ለዚያ ወጣት የመለስኩለት፣ የገማቹንና የሚሊሻውን ጥያቄ ለክልል ምክር ቤት ከሚወዳደረው ሰው፣ የቫቱንና የሠራዊቱን ጥያቄ ለአዲስ አበባ ከሚሄደው ሰው ይጠይቅ፤ ሁለቱም ከአንድ ፓርቲ ቢሆኑ እንኳ መልሳቸውን ለየብቻው ይስማ የሚል ነው።